ዋንጫው ከብርድ ልብሱ ጀርባ፣ ቁልፉ እኔ እጅ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 36 ነው። ከመደበኛ ሥራዬ ውጪ፣ ከእሽቅድምድም የተሰናበቱ ግሬይሃውንድ ውሾችን ተቀብሎ አሳዳጊ ቤተሰብ የሚፈልግላቸውን አንድ አነስተኛ ማኅበር አስተባብራለሁ። ሁላችንም በጎ ፈቃደኞች ነን፤ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለም። በመዝገብ 14 ነን። እውነቱን ለመናገር ግን የማኅበሩ ግማሽ አካል አንዲት ሴት ናቸው።

62 ዓመታቸው ነው። ከእኛ ጋር መሥራት ከጀመሩ አሥር ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር ቀርቷል። ውሾቹን በቫን የሚያመጡት እሳቸው፣ ማታ ማታ የማኅበሩን ስልክ የሚያነሡት እሳቸው፣ ውሻ ልውሰድ ያለንን ሰው ቤት ሄደው የአጥሩን ከፍታ የሚያዩት እሳቸው ናቸው። ነዳጁን ከኪሳቸው ይሞላሉ፤ ደረሰኝ ያምጡልን ስንላቸው ይስቃሉ። ውሻው የሞተበት ቤተሰብ ሲኖርም ደውለው የሚያጽናኑት እሳቸው ናቸው።

አዲስ የመጣ ውሻ ደረጃ መውጣት አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ደረጃ በሌለበት ማደሪያ ስለሆነ ከታች ቆሞ ይንቀጠቀጣል። እሳቸው ከኋላው ተንበርክከው እግሩን አንድ በአንድ እያነሡ ደረጃው ላይ ያስቀምጡለታል። የፊቱን፣ ከዚያ የኋላውን፣ እንደገና የፊቱን። አንድ ቀን ሰዓቴን አየሁ፤ 12 ደረጃ ለመውጣት 40 ደቂቃ ፈጀባቸው። ሲጨርሱ ጉልበታቸውን አራግፈው «ነገ ብቻውን ይወጣል» አሉኝና ሄዱ። በማግሥቱ ወጣ።

አምና ልናመሰግናቸው ብለን ድግስ አዘጋጀን። ሳይነገራቸው ጠርተናቸው፣ ስማቸው የተቀረጸበት ዋንጫ ሰጠናቸው፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ሁለት ቃል ተናግረው «የውሾቹ ሰዓት ደርሷል» ብለው ወጡ። ከአንድ ወር በኋላ ዋንጫውን በዕቃ ማስቀመጫችን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ጀርባ አገኘሁት።

አሁን ባልደረቦቼ ለአሥረኛ ዓመታቸው ከአምናው የበለጠ ዝግጅት ይደረግ ይላሉ። ሁለት ወጣት በጎ ፈቃደኞች ደግሞ «የእኛን ድካምስ ማን አየው?» ማለት ጀምረዋል። እኔ መሃል ላይ ነኝ። እኚህ ሴት ለሁላችንም እናት ናቸው። ያለ እሳቸው ማኅበሩ አንድ ሳምንት አይቆምም፤ ይህንንም ባገኘኋቸው ቁጥር እነግራቸዋለሁ። ምስጋናቸውን ሳያገኙ እንዳይቀሩ ምን ላድርግ?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጉዳዩ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ቤታቸው የነበረው አሮጌ ውሻ በአጥንት ካንሰር ከሞተ አራት ወር ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ጊዜያዊ ማቆያ የሚፈልግ ውሻ ወደ ቤታቸው አልወሰዱም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ የቫኑን ቁልፍ ቅጂ አስቀርጸው ሰጡኝ። «ምናልባት ቢያስፈልግሽ» አሉ። ግሬይሃውንድ ማደንዘዣ ሲሰጠው ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋልና፣ ይህን የሚያውቁ የእንስሳት ሐኪሞችን ስልክ በወረቀት ጽፈው ከቁልፉ ጋር አያይዘውታል። እንዴት ያሉ አሳቢ ሰው ናቸው!

ማመስገን ያቃታት

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ድግሱ የጻፍሽልኝ መሰለኝ፤ ሁለተኛ ሳነበው ስለ ዋንጫው። በሦስተኛው ግን ዓይኔ «ከጉዳዩ ጋር ላይገናኝ ይችላል» ካልሽው ላይ አልነቀል አለ። በዚህ ዓምድ ላይ ከቆየሁበት ጊዜ የተማርኩት ነገር ቢኖር ሰው ዋናውን ጉዳይ ከፊርማው በላይ ባለችው ጥግ እንደሚያስቀምጠው ነው፤ ልክ ለመሄድ ተነሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ «ለመሆኑ» ብሎ እንደሚመለስ እንግዳ።

እስቲ ቁልፉን አብረን እንየው። ዘጠኝ ዓመት ከአሥር ወር ሙሉ ያ ቁልፍ በአንዲት ሴት ቦርሳ ውስጥ ነበር። ቅጂ ያስፈልጋል ያለ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ተነሥተው ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ሄዱ፣ አስቀረጹ፣ በጭንቅላታቸው ይዘውት የኖሩትን የሐኪሞች ስልክ በወረቀት አሰፈሩ፣ አምጥተውም ለአንቺ ሰጡሽ። አንቺ ይህን አሳቢነት ብለሽዋል። አሳቢነት መሆኑ አይካድም። እኔ ግን ቤቱን ሊለቅ የተነሣ ሰው ዕቃውን ቦታ ቦታ ሲያስይዝ ነው የታየኝ።

ልሳሳት እችላለሁ። ምናልባት ጤናቸው ሰግቷቸው ይሆናል፤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብሆን ውሾቹን ማን ያወጣቸዋል ብለው። ምናልባትም መሄድ አይፈልጉ ይሆናል፤ ብሄድ ይቻል ይሆን የሚለውን ብቻ እየሞከሩት ይሆናል። ወይም በእርግጥ አንቺ እንዳልሽው ጠንቃቃ ሰው ናቸው፣ ሌላ ምንም የለውም። የትኛው እንደሆነ እኔ ከዚህ ተቀምጬ ማወቅ አልችልም፤ አንቺ ግን ትችያለሽ። ሦስት ሳምንት አልፏል። ቁልፉን ስትቀበዪ ምን አልሻቸው? «አመሰግናለሁ» ብለሽ ኪስሽ ከተትሽው?

አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ፤ በክፋት እንዳትወስጂብኝ። «ያለ እርስዎ ማኅበሩ አንድ ሳምንት አይቆምም» የምትያቸው ከልብሽ ለማመስገን ብለሽ ነው። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር በ62 ዓመት ሴት ጆሮ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የማኅበሩ ስልክ ሲጮህ ስሚው። ብታመም ይፈርሳል። ባርፍ ይፈርሳል። ልጄን ልጠይቅ ብዬ ለአንድ ሳምንት ብሄድ ስመለስ ማኅበር የለም። ምስጋና ብለሽ የሰጠሻቸው ነገር ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ሸክም ሆኗል። «እናታችን» የሚለውም እንዲሁ ነው። እናት መባል ትልቅ ክብር ነው፤ ግን እናት የዓመት ፈቃድ ስትወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ? እናት ደረሰኝ አምጪ ስትባል ትስቃለች፤ ልጆቿም አብረው ይስቃሉ፤ ነዳጁ ግን ከእሷ ኪስ ይሞላል።

እኔ የውሻ ሰው አይደለሁም፤ ልዋሽሽ አልፈልግም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ግን ስለ እነዚህ እንስሳት ሁለት ቀን ሳነብ ቆየሁ፤ ብዙም ተገረምኩ። በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ውሻ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ተኝቶ ነው ለካ የሚያሳልፈው። በማኅበራችሁ ዕረፍት የማያውቁት እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ብቻውን በማደሪያ ያደገ ግሬይሃውንድ ተኝቶ ሳለ ሰው ነክቶት አያውቅም። ስለዚህ ድንገት ብትነኪው ደንግጦ ሊናከስ ይችላል፤ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ከእንቅልፉ ባንኖ ነው። አሳዳጊዎችን «አትንኩት፤ መጀመሪያ ከራቅ ብላችሁ በስሙ ጥሩት፣ ዓይኑን ይግለጥ» ብላችሁ የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ አይደል? ታዲያ እኚህን ሴት ሳትጠሯቸው፣ ሳይዘጋጁ፣ በሰው ሁሉ ጭብጨባ መሃል አቆማችኋቸው። እሳቸው እንኳ አልተናከሱም፤ «የውሾቹ ሰዓት ደርሷል» ብለው በትሕትና ወጡ።

ስለዚህ የዘንድሮውን ትልቅ ዝግጅት ሰርዢው። ለባልደረቦችሽ ምክንያቱን ብትነግሪያቸው ይረዱሻል። ካልተረዱሽም ሰርዢው።

ዋንጫው ባለበት ይቀመጥ። አውጥተሽ ብታጸጂውና ቢሮ ብትሰቅዪው አንቺ ማግኘትሽን ያውቃሉ፤ ይህ ደግሞ ሁለታችሁንም ያሳፍራል። ብርድ ልብሶቹ እንዳይናዱ ደግፎ ከያዘም ሥራ አላጣም።

አሁን ወደ ውሻው እንምጣ። የሞተው ውሻ ስም በደብዳቤሽ ውስጥ የለም። ውሻ የሞተበትን ሰው ሁሉ ደውለው የሚያጽናኑት እሳቸው ናቸው ብለሽኛል። ለእሳቸው ማን ደወለላቸው? የአጥንት ካንሰር በግሬይሃውንድ ላይ በብዛት የሚታይ፣ በብርቱ የሚያሠቃይ በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ በእግር አጥንት ይጀምራል፤ ትንሽ ማነከስ ይመስላል፤ ከዚያ መጨረሻው ሐኪም ዘንድ የሚወሰን ውሳኔ ይሆናል። ያንን ውሳኔ ብቻቸውን ወስነው ይሆን? በማግሥቱስ ቫኑን አስነሥተው ሌላ ውሻ ሊያመጡ ሄደው ይሆን? አራት ወር ረጅም ጊዜ ይመስላል፤ ነገር ግን ቤታቸው ሲገቡ በሩ ላይ ተደግፎ የሚጠብቃቸው ረጅም እንስሳ የለም። ጊዜያዊ ውሻ እንዲወስዱ አለመጠየቃችሁ ደግ ሐሳብ ነው። ዝምታችሁ ግን ከእሳቸው ወገን ሲታይ ነገሩን የረሳችሁት ሊመስል ይችላል።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። በዚህ ሳምንት፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ ውሾቹን ይዛችሁ በእግር በምትሄዱበት ሰዓት አጠገባቸው ሁኚ። ፊት ለፊት ተቀምጦ መነጋገር የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ፤ ገመድ ይዞ ጎን ለጎን መራመድ ይቀላቸዋል፤ ዋንጫቸውን የደበቁ ሴት ከእነዚህ አንዷ ይመስሉኛል። በውሻው ጀምሪ። ስሙን ጠርተሽ፣ «በዚያን ሰሞን ልጠይቅዎት ይገባኝ ነበር፤ ሳልጠይቅዎት ቀረሁ» በይ። ከዚያ ዝም በይ። የሚናገሩት ካለ ይናገራሉ። ቀጥለሽ ቁልፉን አንሺ፦ «ቁልፉን ከሰጡኝ ቀን ጀምሮ ሐሳቤ እዚያው ነው። ደክሞዎት ነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው» ቢሉሽስ? የመጀመሪያው መልስ ይህ መሆኑ አይቀርም። አትጫኚያቸው። ይልቁንስ በቀላሉ የሚመለስ ጥያቄ ጠይቂያቸው፤ ከሚሠሩት ሁሉ እስካሁን የሚወዱት የትኛውን ነው? አንዱን ከላያቸው ላይ ላንሣልዎት ብትያቸው የትኛውን ይሰጡሻል? ሰው «ደክሞኛል» ለማለት ያፍራል፤ «ስልኩን ብትወስዱልኝ» ለማለት ግን ያን ያህል አያፍርም።

«ልሄድ ነው» ቢሉሽ ደግሞ፣ እህቴ፣ በዚያች ደቂቃ አታልቅሺባቸው። «እስቲ እንደገና ያስቡበት» አትበያቸው። «ታዲያ እኛ ምን እንሆናለን?» ደግሞ ከአፍሽ እንዳይወጣ። «እንዴት እንዲሆን ይፈልጋሉ? ሙሉ በሙሉ ነው ወይስ የሚያስቀሩት ነገር አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ስልኩንና ቫኑን ትተው ደረጃውን ብቻ ማስቀረት ሊፈልጉ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ምርጫ መኖሩን የነገራቸው ሰው የለም እኮ።

ከዚያ ንግግር በኋላ፣ መልሳቸው ምንም ይሁን ምን፣ መደረግ ያለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ነዳጁ ነው። ቫኑ በየጊዜው የት የት እንደሄደ ውሾቹ የገቡበት መዝገብ ይነግርሻል፤ ቢያንስ የአንድ ዓመቱን ከገንዘብ ያዣችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉና ክፈሏቸው። ስጦታ ነው ብላችሁ በፖስታ አሽጋችሁ ከአበባ ጋር እንዳትሰጧቸው። ይህ የማኅበሩ ዕዳ ነው፤ እንደ ዕዳ ይከፈል። «ለውሾቹ ይሁን» ብለው ቢመልሱት መብታቸው ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ነዳጁን ማኅበሩ ይሙላ። ሁለተኛው የሌሊቱ ስልክ ነው። በሦስት ሰው መካከል በሳምንት በሳምንት ይዙር። እነዚያ «የእኛን ድካምስ?» ያሉሽ ወጣቶች እዚህ ላይ ይግቡ። እውነታቸውን ነው፤ አንድ ሰው ብቻ የሚመሰገንበት ቤት ሌላውን ያስቀይማል። ግን እነሱ የሚፈልጉት ጭብጨባ ይመስልሻል? እኔ ኃላፊነት የሚፈልጉ ይመስለኛል። ቁም ነገር ያለው ሥራ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ሲያዝ ለሌላው የሚተርፈው ማደሪያ ማጠብ ነው።

የማኅበሩ ነገር ያስጨንቅሻል፤ ይገባኛል። እስቲ ይህን ደግሞ አስቢው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 በአሜሪካ ከነበሩት 17 የግሬይሃውንድ መወዳደሪያ ሜዳዎች 11ዱ በፍሎሪዳ ግዛት ነበሩ። በዚያው ዓመት የግዛቲቱ መራጮች ውድድሩ እንዲቆም ድምፅ ሰጡ፤ በ2020 ማብቂያም ቆመ። የኒውዚላንድ መንግሥት ደግሞ በ2024 መጨረሻ ውድድሩን እንደሚያስቆም አስታወቀ። እንደ እናንተ ያለ ማኅበር አንድ ቀን የሚታደገው ውሻ አጥቶ በሩን ቢዘጋ ደስ ሊለው ይገባል። ማኅበሩ ራሱ ዘላለም ይኖራል ተብሎ ካልተቋቋመ፣ አንዲት ሴት ዘላለም ይሸከሙት ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ምስጋናው። የጠየቅሽኝ እሱን ነበር፤ እኔ ዞሬ ዞሬ ነው የመጣሁት።

ከደብዳቤሽ ሁሉ የወደድኩት የደረጃውን ታሪክ ነው። እኔ ውሻም ሴትዮዋንም አይቼ አላውቅም፤ ሆኖም የተንበረከኩበት ጉልበት ታየኝ። «ነገ ብቻውን ይወጣል» ማለታቸው፣ በማግሥቱም መውጣቱ። ይህን ለእኔ ጻፍሽልኝ። ለእሳቸው ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? በዚያን ቀን ቆመሽ ሰዓትሽን ስትመለከቺ እንደነበር ያውቃሉ? ሰው ለሠራው ሁሉ በጅምላ ሲመሰገን ማንነቱ ያልተለየ፣ ለማንም ሊሰጥ የሚችል ምስጋና ይደርሰዋል። ዋንጫ የዚያ ዓይነት ነው፤ ስሙን ፍቀሽ ለሌላ መስጠት ትችያለሽ። 40 ደቂቃና 12 ደረጃ ግን የእሳቸው ብቻ ናቸው። ግማሽ ገጽ በእጅሽ ጻፊላቸው። «ለሁሉም ነገር» የሚለውን ቃል እንዳታስገቢበት። ያየሽውን ብቻ ጻፊ፤ ውሻው ምን ቀለም እንደነበረ ጭምር።

ጊዜ ካለሽ አንድ ነገር ጨምሪበት። ውሾቹን አምጥተው፣ አልምደው፣ ለሰው ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰሙት ብዙውን ጊዜ ሲታመሙ ወይም ሲሞቱ ነው፤ ስልኩ የሚደወለው ለችግር ነውና። ደህና የሆነ ውሻ ባለቤት አይደውልም። ስለዚህ ለአሳዳጊዎቹ አንቺ ደውዪ፤ ያ እሳቸው ያመጡት ውሻ አሁን የት ተኝቶ እንደሚውል የሚያሳይ አንድ ፎቶግራፍና አንድ መስመር ብቻ ለምኚያቸው። ሶፋ ላይ አራት እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ የተኛም ይኖራል፤ እነዚህ እንስሳት እንዲህ እንደሚተኙ በፎቶግራፍ አይቼ ብቻዬን ስቄያለሁ። ሰብስበሽ በአንድ አቃፊ አድርገሽ ስጪያቸውና ሂጂ። ሲገልጡት አጠገባቸው አትቁሚ። ለሰው ፊት ለማንበብም እንዳትሞክሪ፤ ማልቀስ ቢፈልጉ ያለ ተመልካች ያልቅሱ።

የአሥረኛው ዓመት ቀን ሲደርስ ምን እንዲሆን እንደሚፈልጉ ራሳቸውን ጠይቂ። «ምንም» ካሉሽ መልሱ ምንም ነው፤ «ምንም ሲሉ እኮ እንዲህ ማለታቸው ነው» ብላችሁ በጎን ሌላ ነገር እንዳታሰናዱ። ውሾቹን ይዘን በጋራ በእግር እንሂድ ካሉ፣ ሂዱ፤ ንግግር የሚያደርግ ሰው ግን አይኑር።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው፤ ይህ መልስ ሲታተም አምስተኛ ሳምንቱ ይሆናል ከቁልፉ። ከሁሉ አስቀድመሽ ግን ዛሬ ማታ የማኅበሩ ስልክ ማን ዘንድ እንደሚያድር ወስኚ። አንቺ ዘንድ ቢያድርስ? ደውለሽ «ዛሬ እኔ ይዤዋለሁ፣ ይተኙ» በያቸው። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።